የማክሰኞው ጨዋታ

ውድ አንባቢ፤ በስደት ዓለም ወዳጅነት የሚሞተው በጠብ ይመስልዎታል? እኔ አይመስለኝም። ተጣልቶ የተለያየ ወዳጅ ቢያንስ ሽማግሌ ይላክበታል። አብዛኛው ወዳጅነታችን የሚያልቀው «እንደዋወል» ተባብለው በተለያዩ ሰዎች መካከል፣ ያለ አንዳች ቅያሜ ነው። አንዱ ቀን ይሠራል፣ ሌላው ሌሊት፤ የአንዱ ዕረፍት ሰኞ ሲሆን የሌላው ሐሙስ ይሆናል። እንዲህ እንዲህ ሲል ዓመቱ ያልቅና ለቅሶ ቤት ተገናኝተው «ጠፋህ እኮ!» ይባባላሉ። ይህን ጉዳይ ሳሰላስል ደጋግሜ የማነሣው አንድ ልብ ወለድ አለ። በዛሬው ጽሑፌ ላወጋዎት የፈለግሁት ስለ እርሱ ነው።

መጽሐፉ ዲናው መንግሥቱ በእንግሊዝኛ የጻፈውና እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ የታተመው «ዘ ቢውቲፉል ቲንግስ ዛት ሄቨን ቤርስ» ነው። ርእሱ ከጣሊያናዊው ባለቅኔ ከዳንቴ የተወሰደ ሲሆን፣ እንግሊዝ አገር ሲታተም ግን «ቺልድረን ኦፍ ዘ ሪቮሉሽን» ተብሏል። ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1978 አዲስ አበባ ተወልዶ ገና በሕፃንነቱ ወደ አሜሪካ የመጣ ነው። ባለታሪኩ ሰፋ እስጢፋኖስ ደግሞ ከአብዮቱ እልቂት ሸሽቶ የወጣ፣ ዋሽንግተን ውስጥ ሎጋን ሰርክል አጠገብ ትንሽ ሱቅ ከፍቶ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ነው። ስለዚህ መጽሐፍ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሣው የስደት ብቸኝነትና የሰፈሩ መለወጥ ነው። ያን አደባባይ በታክሲ ስንት ጊዜ እንደዞርሁት ቆጥሬ ስለማልዘልቀው ስለ ሰፈሩ እኔም የምለው አላጣም። ዓይኔ ያረፈው ግን በማክሰኞ ምሽቶቹ ላይ ነው።

የሰፋ ጓደኞች ኮንጎአዊው ጆሴፍና ኬንያዊው ኬኔት ናቸው። ሦስቱ የተዋወቁት በአንድ ሆቴል ተቀጥረው ሲሠሩ ነው። ከዓመታት በኋላ ሥራቸው ቢለያይም ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ ከሰፋ ሱቅ ይሰበሰባሉ። ጠሪ የለም፣ ተጠሪ የለም፤ እንዲያው ልማድ ሆኖ ቀርቷል። እዚያም አንድ ጨዋታ አላቸው። አንዱ የአንድ አፍሪካዊ አምባገነን ስም ይጠራል፤ ሌሎቹ አገሩንና ዓመቱን መመለስ አለባቸው። ቦካሳ? መካከለኛው አፍሪካ፣ የ1966 ዋዜማ። አሚን? ኡጋንዳ፣ 1971። ሞቡቱ? ኮንጎ፣ 1965። ዛሬ ቢጫወቱት ኖሮ የ2020ዋን ማሊ፣ የ2021ዋን ጊኒና የ2023ቷን ኒጀርም በጨመሩበት ነበር።

ደራሲው እዚህ ላይ የወዳጅነትን ምሥጢር በሚገባ አይቷል እላለሁ። የጨዋታው ርእስ አስከፊ ነው፤ የሚሠራው ሥራ ግን ደግ ነው። ሦስቱ ሰዎች ከአገራቸው ያባረራቸውን ነገር መጫወቻ አደረጉት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀኑ የታወቀ ነው። ድግስ አያሻውም፣ ስልክ መደወል አያሻውም፣ «ዛሬ ይመቸዋል ወይ?» የሚል ይሉኝታ የለበትም። ተጠርቶ የሚመጣ እንግዳ ነው፤ ሳይጠራ የሚመጣ ግን ቤተኛ ነው። ማክሰኞ እነዚህን ሦስት ባይተዋሮች ቤተኛ አደረጋቸው።

ነገር ግን ጨዋታው ያጎደለውም አለ። የሰፋን አባት ወታደሮች ወስደውበታል፤ ይህን ሸክም ይዞ ነው ከባንኮኒው ኋላ የሚቆመው። ጨዋታው የሚጠይቀው ደግሞ አገርና ዓመት ብቻ ነው። «ኢትዮጵያ፣ 1974» ያለ ሰው በትክክል መልሷል፤ «ለመሆኑ ያን ጊዜ አንተ ቤት ምን ሆነ?» የሚል ጥያቄ በጨዋታው ሕግ ውስጥ የለም። እንዲህ ያለው ልማድ ሰዎችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል እንጂ ፊት ለፊት አያገናኝም። እኛስ? በየሳምንቱ ተሰብስበን ስለ አገር ፖለቲካ እስከ እኩለ ሌሊት ስንከራከር የአጠገባችን ሰው ቤት ኪራይ እንዳቃተው የማናውቅ ስንት ነን?

መጽሐፉ ውስጥ ሌላም ልማድ አለ። የጎረቤቱ የጁዲት ልጅ፣ የ11 ዓመቷ ናኦሚ፣ ከትምህርት ቤት መልስ ወደ ሱቁ ትመጣለች፤ ከሰፋም ጋር የዶስቶየቭስኪን «ካራማዞቭ ወንድማማቾች» ያነባሉ። የቀድሞ አስተማሪ ነኝና ስለዚህ ነገር ትንሽ አውቃለሁ። ጮክ ተብሎ ሲነበብ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ያዳምጣል፤ ያልገባው ይጠይቃል፣ ጠያቂው ራሱን መግለጡ አይቀርም። አንድ ገጽ ተነቦ ቆም ሲባል የልብ ወሬ የሚገባበት ቀዳዳ ይከፈታል። ወጋየሁ ንጋቱ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ቤተሰብና ጎረቤት አንድ ላይ ተሰብስቦ ያዳምጥ እንደነበር ታላላቆቻችን ያጫውቱናል። የሰፋና የናኦሚም ንባብ ከዚያ ወገን ነው። በኋላ የጁዲት ቤት ተቃጥሎ እናትና ልጅ ከሰፈሩ ሲርቁ አንባቢን የሚያሳዝነው የቤቱ መቃጠል ብቻ አይደለም፤ የዚያ ንባብ መቋረጥም ነው።

በመጽሐፉ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ጆሴፍንና ኬኔትን በብዛት የምናያቸው በቀልዳቸው በኩል ነው። ደራሲው ሆን ብሎ ያደረገው ነው የሚሉኝ ይኖራሉ፤ ወንዶች በቀልድ እንደሚደበቁ ለማሳየት ነው ይሉኝ ይሆናል። ይሁን። ቢሆንም ከማክሰኞዎቹ በአንዲቷ እንኳ ጨዋታው ተገትሮ የሦስቱ ሕይወት በሰፊው ቢወራ በወደድሁ ነበር።

የአገራችን ቡና ይህን ጥበብ ያውቀዋል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የተባለው ቡናው ስለማይበቃ አይመስለኝም። በአቦል የአገር ወሬ ይወራል፤ በቶና የጎረቤት፤ በረካ ላይ ሲደረስ ነው ሰው የራሱን የሚያወራው። አንድ ሲኒ ጠጥቶ የሚነሣ ሰው የመጨረሻውን ወሬ ሳይሰማ ሄደ ማለት ነው።

«ይህ ሁሉ ለሥራ ፈት ነው፤ ጊዜ ከየት ይመጣል?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔም በቀን 12 ሰዓት የምነዳ ሰው ነኝ። አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ስንጠብቅ ረቡዕ ረቡዕ ከአንድ ፔርሙዝ ቡና የምንካፈል አምስት ነጂዎች አለን። ባለፈው ክረምት ከመካከላችን አንዱ ሁለተኛውን ሲኒ ይዞ ዝም አለ። ምነው ብንለው እናቱ አገር ቤት ካረፉ ሦስት ሳምንት እንደሆናቸው ነገረን። ለማን እንደሚናገር ግራ ገብቶት ሐዘኑን ብቻውን ይዞት ሲነዳ ከርሟል። በዚያው ምሽት ቤቱ ሄደን ተቀመጥን። ያ ፔርሙዝ ባይኖር ኖሮ መቼ እንሰማ ነበር?

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ መጽሐፉን ማንበብ ለሚችሉ ያንብቡት እላለሁ፤ የእንግሊዝኛው ቋንቋ ቀላል ነው፣ ሐዘኑ ግን ከባድ ነው። ሲጨርሱትም ከሳምንቱ አንድ ቀን ይምረጡ። ቀኑን አይቀያይሩት፤ ድግስም አይደግሱበት። ካርታም ይጫወቱ፣ ኳስም ይዩ፣ ስለ ቦካሳም ያውሩ፤ የሚወዱትን ያድርጉ። ብቻ ወዳጅዎ ተነሥቶ ካፖርቱን ከመልበሱ በፊት «አንተስ እንዴት ነህ?» ብለው ይጠይቁት፤ እስኪመልስም ይጠብቁት።