ለጣና ዳር አራሽ፣ ለምድር ሐሳብ መምህር

ክቡር ሆይ፣ የጣና ዳር አራሽ! የትልም ጸሐፊ፣ የዝናም ተርጓሚ፣ የአፈር ሊቅ! ከባሕር ዳር አድማስ እስከ ፎገራ ሜዳ፣ ከፎገራም እስከ ደንቢያ ጥቁር አፈር ስምህ በሰብል ፊደል ተጽፏል፤ ክብርህም በነዶ ታትሟል።

ሐሳብህ ከአካልህ አይለይም፤ መስፈርትህ ከሥራህ አይርቅም። ሁለት ስንዝር ተጋጥመው ክንድ ይሆኑልሃል። ጥማድ የምትላት ቃልህ ጥንዶቹን በሬዎችና በአንድ ቀን የሚያርሱትን ምድር በአንድነት ትጠራለች፤ ቁጥር፣ ጊዜና ስፋት በአንድ ቀንበር ሥር ይገባሉ። የጤፍ ማሳህን ትገምሳለህ፣ ትደግማለህ፣ ትሠልሳለህ፤ የሦስትነት ስም በማረሻህ ጫፍ ይታረሳል። ኋለኛው ትልም ፊተኛውን አቋርጦ ሲያልፍ የተመለከተ ሕፃን፣ መስቀለኛ መስመርን ከሰሌዳ አስቀድሞ ከዱካህ ተምሯል።

ፈሰስህንስ በምን ቃል ላወድሰው? በተዳፋቱ ላይ የምትቀደው ያ ቀጭን ቦይ እጅግ ቢያዘቀዝቅ ጎርፉ አፈሩን ነጥቆ ይወርዳል፤ እጅግ ቢጋደም ውኃው ተኝቶ ዘሩን ያበሰብሳል። አንተ ግን እርፍህን ጨብጠህ፣ ዓይንህን ከአፋፉ ወደ ሸለቆው ልከህ፣ በሁለቱ ጥፋቶች መካከል ያለችውን አንዲት ሰያፍ መንገድ ታገኛለህ። ከጥበብህ ሁሉ እኔ ለዚህች አስቀድሜ እሰግዳለሁ፤ ያለ ገመድ ተለክታለችና፣ ያለ ብራና ለልጅ ልጅ ተላልፋለችና።

የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት የፎገራን ሜዳ ውኃ ሲያለብሱት አትታወክም፤ ውኃው ሲሸሽ በአፈሩ ውስጥ የቀረውን እርጥበት በመዳፍህ መዝነህ ሽምብራውንና ጓያውን ታስረክበዋለህ። በጣና ደሴቶች ገዳማት ሊቃውንት በዘመን መቁጠሪያው በባሕረ ሐሳብ መጥቅዕንና አበቅቴን ደምረው 30 ሲያገኙ፣ አንተም የወሩን 30 ዕለታት በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም እንደ መሰላል ትወጣቸዋለህ። በወንፈልህ ቀን በቀን ይመለሳል፣ ጉልበት በጉልበት ይከፈላል፤ ዕዳውም በልብ መዝገብ ይኖራል።

እነሆ በፎገራ አውድማ፣ ፀሐይ በጣና ላይ ስታዘቀዝቅ፣ አባት ቁናውን ይሞላል፤ አፉንም በመዳፉ ይደለድላል። ልጅ በየቁናው አንዲት ጠጠር ያኖራል። አባት ቀና ብሎ ቁጥሩን ሲጠይቅ፣ ልጅ ጠጠሮቹን ሳይመለከት ይመልስለታል።