የርስት ቆጠራና የገበሬው ታሪክ በመንዝ

ከመንዝ ገበሬ ወገን የሆነ ተማሪ የ19ኛው መቶ ዓመት ቅድመ አያቱን ታሪክ ሲፈልግ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው የርስት ትውልድ ቆጠራ ነው። በማማ፣ በላሎና በጌራ ምድር ይህ ቆጠራ መሬቱን አስቀድሞ ከያዘው አባት ተነሥቶ፣ በወንድም በሴትም በኩል እስከ ከሳሹ ይወርዳል። ነገር ግን ለዳኛ የተሰናዳ ማስረጃ እንጂ የሕይወት ታሪክ አይደለም፤ መሬት የሚያስገኘው ስም ይጠበቃል፤ ልጅ ሳይተካ የሞተው ወንድም ይዘለላል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን በሬው ያለቀበት ገበሬ በምን እንዳረሰም አይገልጽም።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የርስት ሙግት ከቀረ ወዲህ፣ ቆጠራውን በቃል የሚያውቁት ሽማግሌዎች እያለፉ ስለ ሆነ መርማሪው ሊዘገይ አይገባውም። ቢቻልም የሁለቱን ተሟጋች ወገኖች ቆጠራ ያስተያይ፤ አንዱ የሸሸገውን ሌላው ይናገረዋልና።