ከፄዋ እስከ ጨዋ

«የጨዋ ልጅ እንዲህ አይቀመጥም» እየተባልን ያደግን ሁሉ ቃሉን ያወቅነው ከቁጣ ጋር ነው። ጨዋ ማለት ሥርዓት ያለው፣ ከደኅና ቤት የተወለደ፣ አንደበቱን የሚቆጥብ ሰው ነው። የዚህ የክብር ስም አያት ግን ምርኮኛ ነው።

ግእዙ ፄዋ ይላል፤ ምርኮ ማለት ነው። ግሱም ፄወወ፣ ማረከ። በግእዙ መዝሙረ ዳዊት የጽዮን ምርኮ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ከፄዋ ወደ ጨዋ የሚያደርሰው የድምፅ መንገድ ሩቅ አይደለም፤ የግእዙ ጼው በአማርኛ ጨው የሆነው በዚያው መንገድ ሄዶ ነው። ፀ እና ጸ በፊደል ቢለያዩም በንባብ ከተቀላቀሉ ቆይተዋል። የሚከብደው ትርጉሙ ነው፤ ተማርኮ የተነዳ ሰው ስም እንዴት የጨዋነት ስም ሆነ?

መልሱን የምፈልገው ከጦር ሰፈር ነው። በመካከለኛው ዘመን ዜና መዋዕሎች ጨዋ የንጉሥ ጭፍራ መጠሪያ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) እንደ ደዋሮና ባሊ ባሉ የጠረፍ አገሮች ጨዋ አስፍረው ግዛታቸውን አስጠብቀዋል። ታደሰ ታምራት በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ ጥናት እነዚህ ጭፍሮች ሰፊ ቦታ አላቸው። የመጀመሪያዎቹ ጨዋዎች በጦርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ የሚለው ማብራሪያ ለእኔ አሳማኝ ነው። ምርኮኛ በሰፈረበት አገር ዘመድም ርስትም የለውም፤ ያለው ንጉሡ ብቻ ነው። ከአካባቢው ባላባት ጋር የሚያብርበት ምክንያት ስለሌለው፣ ንጉሥ ከማንም ይልቅ ሊያምነው ይችላል። ትውልድ ሲያልፍ ልጆቹ ባለ መሬት ይሆናሉ፤ ስሙ ይቀራል፣ የመማረኩ ነገር ይረሳል።

ቃሉ ከወታደሩ ወዲህ ሁለት ፈር ይዟል። በቤተ ክህነት በኩል ጨዋ ካህን ያልሆነ፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ነው፤ ይህ ወታደሩን ከደብተራው የለየው የድሮ ልዩነት ትራፊ ይመስለኛል።

ሁለተኛውን ፈር ከመከተሌ በፊት የፄወወን ባልንጀራ ላንሣ። ማረከ ከግእዙ ማህረከ የመጣ ነው፤ ስሙ ምህርካ የጦር ሜዳ ዘረፋ ነበር። ዛሬ ዜማው ይማርካል፣ መልኩ ማራኪ ነው እንላለን። እዚህ ምስጋናውን የወሰደው ማራኪው ነው፤ ምርኮኛ የሚለው ስም ከተሸናፊው አልተላቀቀም። የተማረከው ሰው ስም ከፍ ያለው በጨዋ ብቻ ነው፤ ለዚህም ነው ቃሉ ልቤን የሚይዘው።

ከፍታው ግን ዋጋ አስከፍሏል። ሁለተኛው ፈር ጨዋን የባሪያ ተቃራኒ አደረገው። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በዐዋጅ እስኪሻር ድረስ፣ ከዚያም በኋላ በሰው አፍ፣ «ጨዋ ነኝ» ማለት የተገዛሁ አይደለሁም፣ በዘሬ ባሪያ የለም ማለት ነበር። ከባሪያዎቹ ብዙዎቹ ደግሞ በዘመቻና በፈንገላ ከቀያቸው የተነዱ ሰዎች ናቸው። የግእዝ ጸሓፊ ቢያገኛቸው ፄዋ ብሎ ይጽፋቸው ነበር፤ አማርኛ የሚናገረው ጌታቸው ግን ጨዋ የሚለውን ስም ለራሱ ይዞ ለእነርሱ ከልክሏል።