ጠፈፍ ሲል

የጭቃ ግድግዳን ሥራ ለመመዘን ፊት ለፊቱ መቆም ብዙ አይጠቅምም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ፀሐይ በበሩ ገብታ ግድግዳውን ከጎን ስትመታው፣ ጠጋ ብሎ በአግድም ማየት ነው። ያን ጊዜ የሠሪው እጅ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ደብረ ብርሃን ዳርቻ ላይ ያየሁት አንድ ቤት የሳሎኑ ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ቅስት በቅስት ነው። እያንዳንዱ ቅስት ክንድ ሳይንጠራራ የሚደርስበትን ያህል ይሄድና ጫፉ በሚቀጥለው ሥር ይገባል። የጣቶቹ ቀጫጭን መስመሮች ከመዳፉ ሰፊ ጠረጋ ጎን ለጎን ይታያሉ። እጁ ደክሞት የቆመበት፣ ከዚያም እንደ አዲስ የጀመረበት ጠባሳ ፈልጌ አጣሁ። የሠሩት የቤቱ እመቤት ናቸው፤ ባለሙያ ሳይቀጥሩ፣ በአንድ ባልዲ ውሃና በመዳፋቸው።

ስለ እንጨቱ ብዙ አልልም። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ ቋሚውም ማገሩም እሱ ሆኗል። ምስጥ እንዳይደፍረው የሚቀበረውን ጫፍ በእሳት ይለበልቡታል፤ ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀቡታል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ አብዛኛው የከተማ ቤታችን እንኳ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ ሆኖ ነው የተገኘው። ስለዚህ ይህ ሙያ የጥቂት ሰዎች አይደለም። በስንቶቻችን ቤት አልፏል፤ ቆም ብለን ያየነው ግን ጥቂቶች ነን።

ሥራው የሚጀምረው ከአፈር መረጣ ነው። መረሬ አፈር ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይፈነዳል፤ ለምርጊት አይሆንም። አሸዋ የበዛበት ደግሞ ይፈረፈራል። ሁነኛው ቀይ አፈር ነው፤ እሱም ቢሆን ብቻውን አይቆምም፣ ጭድ ይፈልጋል። ጭቃ ሲደርቅ ውሃው ይወጣና ይኮማተራል። ጭድ ከሌለበት መኮማተሩ አንድ ቦታ ይከማችና ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ይሆናል። ጭድ ሲኖርበት ግን እዚህም እዚያም ተበታትኖ ዓይን የማይለያቸው ጭረቶች ሆኖ ይቀራል። ደብረ ብርሃን የገብስ አገር ስለሆነ እመቤቲቱ ለመጀመሪያው ምርጊት የገብስ ጭድ ተጠቀሙ። ለላይኛው ልባስ ግን ከቆላማው ወገን የጤፍ ጭድ አስመጥተዋል። የጤፍ ጭድ ቀጭንና ለስላሳ ነው፤ ከጭቃው ጋር ይተኛል እንጂ እንደ ገብሱ አይቆምም።

ጭዱና አፈሩ ከተገናኙ በኋላ ጭቃው ተረግጦ ይቦካና ይተዋል። ሲሰነብት መልኩ ይጠቁራል፣ ሽታው ይለወጣል፣ ጭዱ ይልማል። የለማ ጭቃ እንጨቱን የሚይዝበት አያያዝ ዛሬ ተቦክቶ ዛሬ ከሚለጠፍ ጭቃ ጋር አይወዳደርም። ቸኩሎ የተመረገ ቤት ክረምቱ ሲወጣ ግድግዳው በቁራጭ በቁራጭ ሲረግፍ ታገኙታላችሁ። ውቂያ ካለቀ በኋላ ያሉት ደረቅ ወራት ለዚህ ሥራ የሚመረጡትም ለዚሁ ነው፤ ጭዱ አለ፣ ዝናብ የለም፣ ለደቦ የሚመጣ ጎረቤትም እጁ ከሥራ ተፈትቷል።

የመጀመሪያው ምርጊት የጉልበት ነው። ጭቃው በማገሩ መካከል ገብቶ ወዲያ በኩል እንዲይዝ በኃይል ይወረወራል። ከዚያ ሻካራውን እንደሆነ ይተውና መጠበቅ ይመጣል። አንዳንድ ሰው እዚህ ላይ ስንጥቅ ሲያይ ይደነግጥና ቶሎ ሊደፍነው ይሞክራል። እመቤቲቱ ግን ስንጥቁ ተሰንጥቆ እስኪያበቃ ድረስ ግድግዳውን አልነኩትም። የሚኮማተረው ተኮማትሮ ካለቀ በኋላ የሚለብሰው ሁለተኛው ጭቃ በእነዚያው ስንጥቆች ገብቶ እንደ ጥርስ ይነክሳል።

የመዳፉ ጥበብ ያለው በዚህ በሁለተኛው ልባስ ላይ ነው። በጓዳው በኩል ገና ያልደረቀ ግድግዳ ነበርና እጄን ልዘረጋ ስል፣ «ተው ልጄ፣ ገና ነው፤ ጠፈፍ ይበል» አሉኝ።

«በምን ያውቁታል እማማ?»

የጣቶቻቸውን ጀርባ ግድግዳው ላይ አሳረፉ። «እጅህን ካቀዘቀዘው፣ ግን ካላረጠበው፣ ያኔ ደርሷል።»

ይህን ልክ ማወቅ ከባድ ነው። ጭቃው እርጥብ ሳለ ከታሸ እጁ ይጎትተዋል፤ ውሃውና ደቃቁ አፈር ወደ ፊት ይወጣና ሲደርቅ ይላጣል። ከደረቀ በኋላ ከታሸ ደግሞ እጁ ይፈገፍገዋል፣ ጭዱ እየተነቀለ ይወጣል። በመካከል ባለችው አጭር ጊዜ ግን መዳፍ አፈሩን ይጠቀጥቀዋል፣ ጭዱንም ያስተኛዋል፤ ፊቱ ይጠብቃል፣ አቧራ መስጠትም ይተዋል። ነገሩን የሚያወሳስበው አንድ ግድግዳ እኩል አለመድረቁ ነው። በመስኮቱ ዙሪያ ነፋስ ስላለ ቶሎ ይደርሳል። ከቆርቆሮው ሥር ያለው በሙቀቱ ይቀድማል። ማዕዘኑና ከመሬት የሚገናኘው ግርጌ መጨረሻ ነው። ስለዚህ እመቤቲቱ ከግራ ወደ ቀኝ ተራ ይዘው አይሄዱም። ላይኛውን ጥግ አሽተው ወደ መስኮቱ ይሻገራሉ፣ ሌላ ሥራ ሠርተው ይመለሳሉ፣ ማዕዘኑን ለማታ ያቆዩታል። እንዲህ ተቆራርጦ ተሠርቶ ነው ግድግዳው በአንድ ጊዜ የታሸ የሚመስለው። ይህንን ያህል ቅጥልጥሉ የማይታወቅ ልስን ብዙ ገንዘብ በፈሰሰባቸው ሕንፃዎች ውስጥም እምብዛም አላየሁም።

የመደቡን ጠርዝ ደግሞ ዝቅ ብላችሁ እዩት። ሹል ጠርዝ በጭቃ አይዘልቅም፤ ሰው ሲቀመጥበት፣ ልጅ ሲዘልበት ይሸረፋል። እሳቸው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ባለው ጎድጎድ ጠርዙን ይዘው፣ ወደ ኋላ እየሄዱ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይስቡታል። የጠርዙ ክብነት መደቡ ከሚጀምርበት እስከሚያልቅበት አንድ ዓይነት ነው፤ በጣት ተከትዬ አይቼዋለሁ። በበሩ መቃን ዙሪያም የተለየ ብልሃት አለ። እንጨቱና ጭቃው አብረው አይደርቁም፤ ጭቃው እየሸሸ ክፍተት ይተዋል። ያንን ክፍተት ሁሉም ነገር እስኪደርቅ ክፍት አድርገው አቆይተው፣ መጨረሻ ላይ በተነፋ አፈር ሞሉት። አሁን በመቃኑና በግድግዳው መካከል ወረቀት አይገባም።

ከዚያ ልቅለቃው ይመጣል። እበት ከብቱ አኝኮ ያደቀቀው ሣር ያለበት ነው፤ በውሃ ቀጥኖ ሲለቀለቅ ስሱ ጭረቶችን ይደፍናል፣ አቧራውን ይይዛል፤ ከደረቀ በኋላ ሽታው ይጠፋል። ግድግዳውን ነጭ አፈር ወይም ኖራ የሚቀቡትም አሉ። ሐረር ላይ ይህ ጥበብ ወደ ሙሉ የቤት ውስጥ ውበት አድጓል። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በጀጎል ግንብ ውስጥ ባሉት ቤቶች ግድግዳው ይነጣል፣ ከፍና ዝቅ ያሉት መቀመጫ ነደባዎች በቀይ አፈር ይቀላሉ፣ በላያቸው ሴቶቹ የሰፏቸው ስፌቶች ይሰቀላሉ። ነጭና ቀይ ብቻ መርጦ ሌላውን ቀለም ሁሉ ለስፌቱ መተው የሠለጠነ ዓይን ውሳኔ ነው።

በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ብዙ ቤት ከተመረገ በኋላ ጋዜጣ ይለብስ ነበር። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው አዲስ ዘመን ከተነበበ በኋላ ሁለተኛ ሥራው ይህ ነበር፤ ስንት ልጅ ፊደል የለየው ከመኝታው አጠገብ ካለው ግድግዳ ነው። ለዓመት በዓል ሲታደስ ጎበዝ ለጣፊ የሚታወቀው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከታች ወደ ላይ ይለጥፋል፤ የላይኛው ገጽ የታችኛውን ሲደርበው ጥላሸትና አቧራ በጠርዙ ላይ ሳያርፍ ይወርዳል። ሁለተኛ፣ የዱቄቱን ሙጫ ያቀጥነዋል። ወረቀቱ ርሶ ሲለጠፍ ይሸበሸባል፤ ልምድ የሌለው ሰው ሽብሽቡን በእጁ ሲጎትት ይቀደዋል። የለመደው ግን አየሩን ከመሐል ወደ ዳር ጠርጎ ይተወዋል፤ ሙጫው ሲደርቅ ወረቀቱ ራሱን ይወጥራል። ኮርኒሱም በዚሁ መንገድ ነው። አቡጀዲው ተሰፍቶ፣ ዙሪያውን በሚስማር ተይዞ ኖራ ሲቀባ መጀመሪያ ይረግባል፣ ሲደርቅ ይወጠራል። በማዳበሪያ ከረጢት የሚሠሩትም ቢሆኑ ጠንቃቆቹ የታተመበትን ፊት ወደ ቆርቆሮው ያዞሩታል፤ ስፌቱም ቀጥ ብሎ ከግድግዳ ግድግዳ ይሄዳል።

የሚያሳዝነኝ እንዲህ ያለ ግድግዳ ላይ የዶሮ ሽቦ ተመትቶ በሲሚንቶ ሲለሰን ማየት ነው። ቤትን ለማሳመር መመኘት ደግ ነው፤ ምኞቱን አልነቅፍም። ግን ጭቃ እርጥበት ይስባል፣ ይለቃል፣ ያብጣል፣ ይሰበሰባል። ሲሚንቶ ይህን አብሮት አያደርግም። ከመሬት የወጣው እርጥበት ከልስኑ ጀርባ ይታገታል፣ ጭቃው ይላላል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል፤ ልስኑ ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ ይሰጣል፣ ከዚያ በሰፊው ይወድቃል። ከወደቀ በኋላ የሚታየው ጭቃ ብዙ ጊዜ ሽቦው ሳይመታ በፊት ከነበረው የባሰ ነው።

የጭቃ ቤት ያለው ሰው በጭቃ ቢጠግነው ይሻለዋል፤ ለዚህም የእመቤቲቱን አሠራር ልንገራችሁ። ማብሪያ ማጥፊያው ሲዛወር በግድግዳቸው ላይ የመዳፍ ስፋት ያለው ጉድጓድ ቀርቶ ነበር። የላላውን ሁሉ አራገፉ። ከዚያ ጭቃ ሳይነኩ ጉድጓዱን ደጋግመው በውሃ አራሱት፤ ደረቅ ግድግዳ የአዲሱን ጭቃ ውሃ ባንዴ ይጠጣና ጭቃው ሳይዝ ይቀራል። ግድግዳው መጠጣቱን ሲያቆም የለማ ጭቃ ሞሉበት፤ ከአሮጌው ፊት ትንሽ ዝቅ አድርገው ተዉት። ያ ደርቆ ሲሰነጠቅ፣ ዳሩን እንደገና አርሰው፣ በጤፍ ጭድ የተቦካውን ስስ አድርገው ጨመሩ፤ ጠፈፍ ሲል አሹት፣ በማግስቱ ለቀለቁት።