ምን ልሁን? — ስለ አንድ ፊልምና ስለ ክፍል ጓደኞች

ዛሬ የምናወራበት ፊልም የሚጀምረው ከእኛ ሩቅ አይደለም። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1984፣ ቦታው ሱዳን፣ የስደተኞች ካምፕ ነው። የሠራው በትውልድ ሮማንያዊ የሆነው የፈረንሳይ ዳይሬክተር ራዱ ሚሄሊያኑ ሲሆን የወጣው በ2005 ነው። የፈረንሳይኛ ርእሱ «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» እንደ ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ ግን «ሁን» ብቻውን አይቆምም፤ እናቶቻችን «ሰው ሁን» ነው የሚሉት። ፊልሙ ውስጥ ያለው ልጅም ከሁለት ሰዓት በላይ የሚጨነቀው በዚሁ ነው፦ ምን ልሁን?

ታሪኩ ባጭሩ ይኸው። አንዲት ክርስቲያን እናት ልጇን ከሞት ለማትረፍ ብላ፣ ልጇ ከሞተባት የቤተ እስራኤል ሴት ጋር ወደ እስራኤል ትልከዋለች። ሴትዮዋም እዚያ እንደ ደረሱ ብዙ ሳትቆይ ትሞታለች። ልጁ ሽሎሞ የሚል ስም ይዞ ቴል አቪቭ በሚኖር የነጭ ቤተሰብ ያድጋል። ትምህርት ቤት ሲገባ ሁለት ምስጢር ይዟል፤ አይሁዳዊ አይደለም፣ ወላጅ እናቱም በሕይወት አለች። ሦስተኛውን ነገር፣ ቆዳውን፣ መደበቅ አይችልም።

መነሻው እውነተኛ ታሪክ ነው። ዘመቻ ሙሴ በተባለው ጉዞ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 21 ቀን 1984 እስከ ጃንዋሪ 5 ቀን 1985 ድረስ ከ7 ሺህ እስከ 8 ሺህ የሚሆኑ ቤተ እስራኤላውያን ከሱዳን በአውሮፕላን ተወስደዋል። ከጎንደርና ከትግራይ በእግር ሲመጡ በመንገድ ላይ፣ እንዲሁም እዚሁ ገዳሪፍ አካባቢ በነበሩት ካምፖች፣ በተለይ ኡም ራኩባ፣ ወደ 4 ሺህ ሰው እንዳለቀ ይነገራል። ኡም ራኩባ ማለት በ2020 መጨረሻ ለአዲስ ስደተኛ እንደገና የተከፈተው ያው ካምፕ ነው።

ፊልሙ የሚበረታው ትምህርት ቤት ሲደርስ ነው። ወላጆች ጥቁሩ ልጅ በሽታ ያመጣብናል ብለው ያጉረመርማሉ። አሳዳጊ እናቱ ያኤል በሁሉም ፊት የልጁን ፊት ትስማለች፣ በምላሷም ትልሳለች። በሽታ ካለበት መጀመሪያ እኔን ይያዘኝ ማለቷ ነው። ይህ ትዕይንት ተጋንኗል የሚል ሰው አይጠፋም፤ እኔ ግን አልልም። በ1996 የእስራኤል የደም ባንክ ኢትዮጵያውያን የለገሱትን ደም ሳይነግራቸው ሲያስወግድ እንደ ኖረ ሲታወቅ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኢየሩሳሌም ላይ ለተቃውሞ ወጥተዋል። በ2009 ደግሞ ፔታህ ቲክቫ በተባለ ከተማ አንዳንድ የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች የኢትዮጵያውያንን ልጆች አንቀበልም ብለው አገር ምድሩን አነጋግረዋል። እና ልብ በሉ፦ ሽሎሞ ካምፕ ውስጥ ሳለ ማንም ጥቁር ብሎት አያውቅም። ጥቁር የሆነው የክፍሉ ልጆች ወላጆች ያዩት ቀን ነው።

ቅሬታዬ ከዚህ ቀጥሎ ነው። ዳይሬክተሩ ልጁን ብቻውን አስቀርቶታል፤ አንድ ጥቁር በነጮች መካከል። ለልብ ሰቀላ ያመቻል፤ ነገር ግን በዘመቻ ሙሴ ከሄዱት አብዛኞቹ ወጣቶች የገቡት ዩዝ አሊያ በሚባለው ድርጅት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነበር፤ ያደሩትም ከመሰሎቻቸው ጋር ነው። በኋላ፣ በ1990ዎቹ፣ ብዙዎቹ ወጣቶች ሬጌና ራፕ እየሰሙ፣ ከጃማይካና ከአሜሪካ ጥቁሮች አለባበስና አነጋገር እየወሰዱ፣ ጥቁርነትን በኩራት መያዝ ጀመሩ። ማልካ ሻብታይ የተባለች ተመራማሪ በዚህ ላይ መጽሐፍ ጽፋለች። ይህን የሚማሩት ከጓደኛ ነው እኮ! ሽሎሞን የሚያጽናኑት አንድ ቄስ፣ አያትና አሳዳጊ እናት ናቸው፤ ሁሉም አዋቂዎች። እንደ እሱ ያለ እኩያ ግን በታሪኩ ውስጥ ቦታ አልተሰጠውም።

አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ምሁር ቤቨርሊ ታተም በ1997 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ በተደባለቀ ትምህርት ቤት ውስጥ ጥቁር ተማሪዎች ምሳ ሰዓት ለምን አንድ ጠረጴዛ ላይ ይሰበሰባሉ ብላ ትጠይቃለች። መልሷን በራሴ ቃል ላስቀምጠው፦ ልጅ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው «ማነኝ?» ማለት ይጀምራል። ዙሪያው ያለው ሰው በቆዳው ከመለሰለት፣ ያንኑ መልስ የሰማ ጓደኛ ይፈልጋል። አብረው መቀመጣቸው ለመተጋገዝ ነው፤ ጥላቻ አድርገን አንየው።

ወደ እኛ ሰፈር እንምጣ። አገር ቤት ሳለን የምንለያየው አማራ፣ ትግሬ፣ ቅማንት እየተባባልን ነበር። ገላባትን ወይም ሐምዳይትን የተሻገረ ልጅ ግን ለሱዳኑ እኩያው ያው «ሐበሽ» ነው፤ ጣጣ የለውም። ገዳሪፍ ገበያ የወጣ ተማሪ ሐውሳውን፣ መሳሊቱን፣ ዛጋዋውን፣ በኒ ዓምሩን ያያል፤ ሱዳኖችም ራሳቸው በቆዳና በዘር እንደሚበላለጡ ቶሎ ይገባዋል። እዚህ ራሱን ዐረብ የሚል ሰው ለንደን ሲገባ ጥቁር ይባላል። ስሙ የሚለወጠው እንደ ጠሪው ነው። እኛ ካምፕ ውስጥ ደግሞ ሌላም ችግር አለ፦ ከ2020ው ጦርነት ወዲህ፣ በረኛ ፊት ሁለቱም ሐበሽ የሆኑ ልጆች አንድ አግዳሚ ላይ መቀመጥ ሲከብዳቸው እናያለን።

ታዲያ ማደባለቅ ብቻውን ያድናል ወይ? ጎርደን ኦልፖርት የተባለው ምሁር ገና በ1954 አያድንም ብሏል። እሱ እንደሚለው ልጆቹ እኩል ደረጃ ሊኖራቸው፣ አንድ ሥራ አብረው ሊሠሩ፣ ከበላይ ያለውም ሰው ይህን መደገፉን በግልጽ ሊያሳይ ይገባል። የፊልሙ ትልቅ ጉድለት እዚህ ላይ ይታየኛል፦ ከጨረስኩት በኋላ አንድም የማስታውሰው መምህር የለም። ወላጆቹ ሲያጉረመርሙ መልሱን የሰጠችው እናት ናት። እናቱ ሩቅ ያለች ወይም የሞተችበት ልጅስ? እዚህ እንዲህ ያለ ልጅ በየክፍሉ አለ፤ የመጀመሪያው ስድብ ሲወረወር ክፍሉ ውስጥ ያለው አዋቂ ደግሞ መምህሩ ብቻ ነው።

ያም ሆኖ አንድ ትዕይንት ሁሉንም ያስረሳኛል። ሽሎሞ ሳራ የምትባል ልጅ ይወድዳል፤ አባቷ ጥቁር በመሆኑ ይጠላዋል። ልጁ ቅዱስ መጽሐፍን በሚመለከት ክርክር ላይ ይቆማል፤ ጥያቄው የአዳም ቀለም ምን ነበር የሚል ነው። ተከራካሪው ነጭ ነበር ይላል። ሽሎሞ ግን ከቃሉ ይነሣል፦ አዳም ከአፈር ተሠራ፣ በዕብራይስጥ አፈር «አዳማ»፣ ቀይ ደግሞ «አዶም» ነው፤ ስለዚህ አዳም ቀይ ሸክላ ነበር፣ ነጭም ጥቁርም አልነበረም። ሰው ያጨበጭባል። የሳራ አባት ግን ወይ ፍንክች! ፊልሙ እዚህ ላይ ሐቀኛ ነው፤ ክርክር ማሸነፍና መወደድ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አልደበቀም።

ለክፍላችሁ ልታሳዩ የምታስቡ መምህራን፣ መጀመሪያ ብቻችሁን እዩት። ካምፕ ውስጥ ያለው ክፍል አማርኛ ስለሚነገርበት ትርጉም አያስፈልገውም፤ እናትና ልጅ የሚለያዩትም እዚያው ነው፤ ወላጁን ያጣ ተማሪ ሳይዘጋጅ ቢያየው ይጎዳዋል። ልጁ እስራኤል እንደ ደረሰ ገላውን ሲታጠብ፣ ውኃው በቱቦ ሲሄድ ደንግጦ ሊያስቆመው የሚሞክርበት ቦታም አለ። የሌላ አገር ተመልካች እዚያ ላይ ምን ነካው ሊል ይችላል። የእናንተ ተማሪዎች ግን ምን እንደ ነካው ወዲያው ይገባቸዋል፤ ውይይቱን ከዚያ ብትጀምሩት ጥሩ ነው።