ምክንያት ያለው ቀለም

በቄራ፣ እንደ ሌሎቹ የአዲስ አበባ ሰፈሮች ሁሉ፣ ልጆች ከሽቦና ከቆርቆሮ መጫወቻ ሲሠሩ ኖረዋል። የእነርሱ አውሮፕላን ክንፍና ጅራት ካለው ይበቃዋል፤ የቀረውን ምናብ ይሞላዋል። የጦር አውሮፕላን የፕላስቲክ ሞዴል ግን ሌላ መመዘኛ አለው። ቅርጹን ፋብሪካ በልኩ አውጥቶ ስለሚያቀርበው፣ የሠሪው ጥበብ ይበልጡን የሚፈተነው በቀለሙ ነው።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት የተሰለፈችው ኤፍ-5ኢ ለዚህ አብነት ትሆናለች። 14 ሜትር ተኩል ያህል የምትረዝመው ተዋጊ በ1/72 መጠን 20 ሳንቲ ሜትር ትሆናለች። በዚህ መጠን የግማሽ ሚሊ ሜትር ጭረት 3.6 ሳንቲ ሜትር ስንጥቅ ማለት ነው።

በዚህ ሥራ ሁለት ጉድለቶች ይዘወተራሉ። አንደኛው አውሮፕላኗን ከፋብሪካ እንደ ወጣች ማብለጭለጭ ሲሆን፣ ጦርነቱን ይደብቃል። ሁለተኛው በአብዛኛው አሉሚኒየም በሆነው አካሏ ላይ ዝገት መለቅለቅ ሲሆን፣ የተንከባከቧትን መካኒኮች ድካም ይክዳል።

እውነተኛው ቀለም ምክንያት ያለው ቀለም ነው፤ በሁለቱ የአፍንጫ መድፎች ፊት የባሩድ ጥላሸት፣ ባለሙያ በሚረግጠው የክንፍ ሥር መፋቅ። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀዩ ምልክት በእንዲህ ያለ ገላ ላይ ሲያርፍ፣ ሞዴሏ ከመጫወቻነት አልፋ የታሪክ ምስክር ትሆናለች።