ስለ ትምህርት ባልንጀሮች ዜና መጽሐፍ

በአሜሪካ አገር በሃርቫርድ ኮሌጅ ከብዙ ዘመን ጀምሮ የኖረ አንድ ልማድ አለ። በአንድ ዓመት ትምህርታቸውን የፈጸሙ ባልንጀሮች ከመካከላቸው አንድ ጸሐፊ ይመርጣሉ፤ ጸሐፊውም ለእያንዳንዱ ወረቀት እየላከ፥ ምን ሥራ ይዘሃል፥ ሚስት አግብተሃልን፥ ስንት ልጆች ወልደሃል እያለ ይጠይቃል፤ የመጣለትንም መልስ ሰብስቦ መጽሐፍ አድርጎ ያሳትማል። ይህ መጽሐፍ አሁን በየአምስት ዓመቱ ይወጣል፤ ሽፋኑም ቀይ ስለ ሆነ ቀዩ መጽሐፍ ይባላል። ትምህርት ከተፈጸመ በ25ኛው ዓመት የሚወጣው ግን በተለየ ክብር ይታያል፤ ባለታሪኮቹ ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የተጠጋ፥ ልጆቻቸውም ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን የደረሱ ናቸውና።

ይህ ጽሕፈት ከድርሰት ወገን ይቈጠራልን ተብሎ ቢጠየቅ፥ አብዛኛው አይቈጠርም ማለት ይገባል። ገድል የሚጻፈው ባለ ገድሉ ካረፈ በኋላ፥ በሌላ ሰው እጅ ነው፤ ስለዚህ ምስጋናው ቢበዛም ባለ ገድሉን አያሳፍረውም። በዚህ መጽሐፍ ግን ሰውየው በሕይወቱ ሳለ ስለ ራሱ ይጽፋል፤ የሚያነቡትም በልጅነቱ አብረውት የተማሩ፥ ድካሙንም ስንፍናውንም የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ከዚህ የተነሣ ብርዕ ባነሣ ጊዜ የሹመቱን ስም፥ የሠራውን ቤት፥ የዞረበትን አገር መቍጠር ይጀምራል። በቤተ መቅደስ ቆሞ ጾሙንና አሥራቱን የቈጠረውን ፈሪሳዊ ያስታውሳል። ሆኖም በጸሓፊው ብቻ መፍረድ አይገባም፤ ወረቀቱ ራሱ ቍጠር ብሎ ጠይቆታልና። ሚስትና ልጆች በመጨረሻ በአንድ መስመር ይጠራሉ፤ ልጅ የሞተበት፥ ልጁ የከዳው፥ ከወንድሙ ጋር የተጣላ አባት ኀዘኑን ይሰውራል። ሁለቱን መጻሕፍት ጐን ለጐን አድርጎ የሚያነብ ሰው ብቻ፥ ከአምስት ዓመት በፊት ስሟ የተጠራው ሚስት አሁን እንዳልተጠራች አይቶ፥ ሞታ ይሆን ወይስ ተፋትተው ብሎ ይጨነቃል።

ከዚህ ልማድ ወጥቶ የጻፈ አንድ ሰው ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ ነው። ቶሮ ትምህርቱን የፈጸመ በ1837 ነበር፤ በዚህ ጽሕፈት የተነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። ከ10 ዓመት በኋላ ለባልንጀሮቹ ጸሐፊ በሴፕቴምበር 30 ቀን 1847 መልስ ሲጽፍ፥ በዋልደን ኩሬ ዳር በገዛ እጁ በሠራት ጎጆ ከ2 ዓመት በላይ ተቀምጦ ከወጣ ገና አንድ ወር አልሞላውም ነበር። ዕድሜው 30 ዓመት ነው፤ መጽሐፍ አላሳተመም፤ ሚስትም አላገባም። ሥራውን ሲናገር አስተማሪነቱን፥ መሬት ቀያሽነቱን፥ አትክልተኝነቱን፥ ገበሬነቱን፥ ቤት ቀቢነቱን፥ አናጢነቱን፥ ግንበኝነቱን፥ የቀን ሙያተኝነቱን፥ የጽሕፈት እርሳስ ሠሪነቱን በተራ ይዘረዝርና፥ ደራሲነቱን ከነዚህ ሁሉ በኋላ ያነሣል፤ አንዳንድ ጊዜም መናኛ ግጥም እንደሚገጥም ይጨምራል። ይህም ቈጠራ ነው። ነገር ግን የሌሎቹ ቈጠራ እንደ መሰላል ወደ ላይ ሲወጣ፥ የርሱ ከአስተማሪነት ተነሥቶ ወደ ቀን ሙያተኛነት ይወርዳል፤ ባልንጀራው ሊንቀው ቢፈልግ መንገዱን ራሱ አስቀድሞ ከፍቶለታል።

ዳሩ ግን ትዕቢት የለበትም ማለት አይቻልም። እንደ ችግረኛ እንዳያዩት ይለምንና፥ ከባልንጀሮቹ ገንዘብ የቸገረው ቢኖር ከገንዘብ የሚሻል ምክር እሰጠዋለሁ ይላል። ልጆቹ የተራቡበት አባት ይህን ቢያነብ ሳይቀየም አይቀርም። ደግሞም ቶሮ እንደዚህ በነጻነት መጻፍ የቻለው የሚያፍርለት ሚስት፥ የሚሳቀቅለት ልጅ ስላልነበረው ነው። በ1862 በ44 ዓመቱ ሞተ፤ እንግዲህ ያን መልስ ሲጽፍ ሳያውቀው የዕድሜውን እኩሌታ አልፎ ነበር።

የቤተ ሰብን ነገር በእውነት ለማወቅ የሚሻ ሰው ወደ ሌላ መጽሐፍ መሄድ አለበት። በዚያው በሃርቫርድ ዊልያም ግራንት የተባለ ባለጸጋ ነጋዴ በሰጠው ገንዘብ በ1938 አንድ ምርመራ ተጀመረ። ሐኪሞቹ ከ1939 እስከ 1944 ድረስ ትምህርታቸውን ከሚፈጽሙት 268 ወጣቶች መርጠው፥ ወላጆቻቸውን እቤታቸው ድረስ ሄደው አስጠይቀው፥ ከዚያም በኋላ በየሁለት ዓመቱ ገደማ ለወጣቶቹ የጥያቄ ወረቀት እየላኩ ኑሯቸውን ተከታተሉ። ጆርጅ ቫይላንት የተባለው የአእምሮ ሐኪም ሰዎቹ በሃምሳዎቹ ዕድሜ በነበሩበት ወራት፥ በ1977፥ ከኑሮ ጋር መስማማት ማለት የሆነ ርእስ ሰጥቶ መጽሐፍ አሳተመ። በዚህ መጽሐፍ ስካሩም፥ ከሚስት መፋታቱም፥ ከልጅ መራራቁም ተጽፏል፤ የሰዎቹ ስም ግን ተለውጧል። የትምህርት ባልንጀሮች በመቃብር ዋዜማ ለነፍስ አባታቸው የሚናገሩትን ነገር በስም ስውርነት ለሐኪም ተናገሩት። ሐኪሙ ሰው ኀዘኑን የሚከላከልበትን ብልሃት በአራት ደረጃ ከፍሎ ሲያስረዳ ንባቡ ይከብዳል፤ ከሰዎቹ አንዱ ስለ አባቱ ሲናገር ግን ይሞቃል። ጕድለቱ ይህ ነው፤ ስሙና አገሩ የተለወጠ ሰው ለአንባቢ ፊት የለውም፤ ባልንጀራውም ቢያነበው አያውቀውምና ሊያጽናናው አይችልም።

ስሙን ሳይሰውር፥ ሚስትና ልጆችም ሳሉት የጻፈ ማን አለ ቢባል፥ ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ ይጠራል። ሆምስ በሃርቫርድ የሰውነት ብልትን ነገር የሚያስተምር ሐኪምና ባለቅኔ ነበር፤ ትምህርቱን የፈጸመ በ1829 ነው። ከ1851 እስከ 1889 ድረስ ባልንጀሮቹ በተሰበሰቡ ቍጥር፥ ከጥቂት ዓመት በቀር፥ ግጥም እየገጠመ አነበበላቸው። ከሁሉ የታወቀው በ1859 ልጆቹ በሚል ርእስ የገጠመው ነው፤ ጠጕራቸው የሸበተውን፥ ዳኛና ቄስ የሆኑትን ባልንጀሮቹን ልክ እንደ ተማሪ ልጆች ቈጥሮ ይቀልድባቸዋል። አሜሪካ የተባለውን የአገር ፍቅር መዝሙር የደረሰው ቄስ ሳሙኤል ስሚዝም ከነዚያ አንዱ ነበረና፥ ስሙ የብዙ ሰው ስም በመሆኑ ያሾፍበታል። ግጥሙ ደስ ያሰኛል፤ ሽበትን ሳይደብቅ ማሳየቱም መልካም ነው። ይሁን እንጂ ቀልዱ ራሱ መጋረጃ ሆኗል፤ በዚያ ማዕድ ዙሪያ ከተቀመጡት ማን ልጅ እንደ ቀበረ፥ ማን ሚስቱ እንደ ታመመችበት ከግጥሙ አይታወቅም።

የሆምስ የቤቱ ዜና ያለው ለባልንጀሮቹ በገጠመው ውስጥ አይደለም፤ በዲሴምበር 1862 አትላንቲክ በሚባለው መጽሔት ባሳተመው ጽሕፈት ውስጥ ነው። በስሙ የተጠራው የበኵር ልጁ ከሃርቫርድ በ1861 ወጥቶ ወደ ጦርነት ሄዶ ነበር። በሴፕቴምበር 1862 ከአንቲተም ጦርነት በኋላ ሌሊት የቴሌግራም ወረቀት መጣ፤ ልጁ አንገቱ ላይ በጥይት መቍሰሉን፥ ለሞት ያሰጋል ተብሎ ግን እንዳልታሰበ ይናገር ነበር። አባትየው ብልትን የሚያስተምር ሐኪም ነውና፥ ሌላ አባት አንገት ብሎ የሚያልፈውን እርሱ የአየር መተላለፊያውን፥ የምግብ መውረጃውን፥ ታላላቆቹን የደም ሥሮች አንድ በአንድ ይቈጥራል። ሹመትና ሀብት የሚቈጠርባቸው ቀያዮቹ መጻሕፍት ሁሉ ተሰብስበው የዚህን ቈጠራ ያህል ስለ አባትነት አይናገሩም። ከዚያም ከቦስተን ተነሥቶ ቍስለኞች ከሞሉባቸው ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት እየጠየቀ ብዙ ቀን ፈለገው። በጽሕፈቱ መካከል ስለ መንገዱና ስለ አገሩ መልክ አለቅጥ ያረዝማል፤ አንባቢ ልጁን ሲሻ እርሱ ስለ መንገደኛ ይተርካል። መጨረሻ ላይ ግን በሃሪስበርግ በባቡር ሠረገላ ውስጥ ልጁን ተቀምጦ ያገኘዋል። ለባልንጀሮቹ ከ30 ዓመት በላይ ግጥም ያልጐደለበት ሰው በዚያ ሠረገላ የጻፈው እጅግ አጭር ነው፤ አባትና ልጅ እንደምን ነህ ተባብለው ዝም አሉ።